የለንደን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ትንሣኤ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በመሀል ለንደን የሚኖርና አቅም ያለው ወላጅ፣ ልጁ 11 ዓመት ሞልቶት ወደ ሁለተኛ ደረጃ የሚሻገርበት ጊዜ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ይመርጥ ነበር፤ ወይ ለግል ትምህርት ቤት ይከፍላል፣ ወይ ሰፈር ይለቃል። አቅም የሌለው ደግሞ ልጁን በአቅራቢያው ላለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ያስረክባል። እነዚህ ትምህርት ቤቶች በእንግሊዝ ዝቅተኛ ውጤት ከሚመዘገብባቸው መካከል ነበሩ። በ2010 ግን የለንደን ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውጤት ከአገሪቱ አማካይ በልጦ ተገኘ። በድህነት የሚያድጉ የለንደን ልጆች በሌሎች ከተሞች ካሉ ድሃ እኩዮቻቸው እጅግ የተሻለ ውጤት ማምጣታቸው ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቅ ነው።

የውድቀቱን ጥልቀት ለማየት በምሥራቅ ለንደን በሃክኒ ክፍለ ከተማ የነበረው ሃክኒ ዳውንስ ትምህርት ቤት ጥሩ ማሳያ ነው። በ1876 የተመሠረተ የወንዶች ትምህርት ቤት ሲሆን በኋላ የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ያገኘው ጸሐፌ ተውኔት ሃሮልድ ፒንተር የተማረው እዚያ ነው። የመሀል ለንደንን ትምህርት በአንድነት ያስተዳድር የነበረው ባለሥልጣን በ1990 ፈርሶ ኃላፊነቱ ለየክፍለ ከተማው ሲሰጥ፣ ሃክኒ ለሸክሙ አልተዘጋጀም ነበር። ርዕሳነ መምህራን ተፈራረቁ፣ ሕንፃው አረጀ፣ ተማሪው ሸሸ። ጋዜጦች «የብሪታንያ መጥፎው ትምህርት ቤት» የሚል ስም ለጠፉበት። በ1995 መንግሥት የላከው ቡድን እንዲዘጋ ሲመክር መምህራንና ወላጆች ፍርድ ቤት ድረስ ቢሟገቱም አልሆነላቸውም። የቀሩት 200 ያህል ወንድ ልጆች በዓመቱ መጨረሻ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። በዚያ ስም ተሸማቀው የወጡ ልጆች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም፤ ለጥፋቱ ተጠያቂ ካልነበሩት ሁሉ ከፍተኛውን ዋጋ የከፈሉት እነሱ ናቸው።

በዚያው ቦታ ላይ በ2004 ሞስቦርን ኮሚዩኒቲ አካዳሚ ተከፈተ። የሃክኒ ተወላጅ የሆኑት ባለሀብት ሰር ክላይቭ ቦርን ገንዘብ ረዱ፤ ትምህርት ቤቱም በአባታቸው ስም ተሰየመ። ሕንፃውን የነደፈው የታዋቂው አርክቴክት ሪቻርድ ሮጀርስ ድርጅት ነው። ርዕሰ መምህሩ ማይክል ዊልሾ ጥብቅ ሥርዓት ዘረጉ። የደንብ ልብስ ያለ ምሕረት ይከበራል፤ ከመደበኛው ሰዓት ውጭም ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል። የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በ2009 የ16 ዓመት ልጆች የሚወስዱትን ብሔራዊ ፈተና ሲፈተኑ፣ ከአሥሩ ከስምንት የሚበልጡት እንግሊዝኛና ሒሳብን ጨምሮ ቢያንስ በአምስት ትምህርቶች ጥሩ ውጤት አመጡ። በአገር አቀፍ ደረጃ ይህን ያገኘው ግማሽ ያህሉ ነበር። ዊልሾ ከ2012 እስከ 2016 የእንግሊዝ ትምህርት ቤቶች ዋና ኢንስፔክተር ነበሩ።

ይህ ስኬት እውነተኛ ቢሆንም «የወደቀ ትምህርት ቤት ተነሣ» ለማለት ግን አያበቃም። ሞስቦርን የጀመረው በአንድ የክፍል ደረጃ ብቻ፣ በአዲስ መምህራንና በአዲስ ተማሪዎች ነው። አመልካቾችንም ፈትኖ ከየችሎታ ደረጃው ተመጣጣኝ ቁጥር ይቀበል ስለነበር ደካማ ተማሪዎች ብቻ አልተከማቹበትም። የጥብቅነቱ ልክም እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከባዱ ፈተና በሩን ሳይዘጉ፣ ያሉትን ልጆችና ያሉትን መምህራን ይዞ ማሻሻል ነው። ይህን የሞከረው በ2003 የተጀመረው «ለንደን ቻሌንጅ» የተባለ መርሐ ግብር ነው።

መርሐ ግብሩን የመሩት ቀደም ሲል የበርሚንግሃም ከተማ ትምህርት ኃላፊ የነበሩት ቲም ብራይሃውስ ናቸው። ትኩረቱ በተለይ ሃክኒን፣ ሃሪንጌይን፣ ኢዝሊንግተንን፣ ላምቤዝንና ሳውዝዋርክን የመሳሰሉ ክፍለ ከተሞች ላይ ነበር። ደካማ ትምህርት ቤቶችን በአደባባይ ማዋረድ ቀረ። ለእያንዳንዳቸው ልምድ ያለው አማካሪ ተመደበ፤ አብዛኞቹ አማካሪዎች ራሳቸው ትምህርት ቤት የመሩ ሰዎች ነበሩ። አማካሪው ገብቶ ችግሩን ከርዕሰ መምህሩ ጋር ይለያል፤ የሒሳብ ትምህርቱ ከደከመ በሒሳብ ከተሳካለት ጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ያገናኘዋል። ገንዘብም ይመጣል፤ ነገር ግን ለተለየው ችግር እንጂ እንዲሁ ለመከፋፈል አልነበረም። ለውጥ ያልታየበት አመራር እንዲነሣ የተደረገበት ጊዜም አለ።

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ብልህነት የታየበት የመረጃ አያያዙ ይመስለኛል። ትምህርት ቤቶች በተማሪዎቻቸው የኑሮ ሁኔታና የቀደመ ውጤት በቡድን ተመደቡ፤ የእያንዳንዱም ውጤት ከቡድኑ አባላት ጋር ተነጻጽሮ ታተመ። «የእኛ ልጆች ድሆች ናቸው፤ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አይደለም» የሚል ርዕሰ መምህር፣ ጥቂት ፌርማታ ርቆ ተመሳሳይ ልጆችን እያስተማረ የተሻለ ውጤት ያገኘ ባልደረባውን በስም አየ። ስልክ ደውሎ «እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?» ብሎ መጠየቅም ይችል ነበር። ከደካማ ትምህርት ቤት የሄዱ መምህራን በጠንካራው ትምህርት ቤት ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የባልደረባቸውን የትምህርት አሰጣጥ ይመለከቱ ነበር። ጠንካራውም ቢሆን አልተጎዳም፤ ሌላውን ለማስተማር ሲል የራሱን አሠራር እንደገና መመርመር ነበረበት።

የለውጡ ምንጭ ምን እንደሆነ ተመራማሪዎች አልተስማሙም። በ2014 የብሪስቶል ዩኒቨርሲቲው ሳይመን በርገስ ባወጡት ጥናት፣ የለንደን ብልጫ በአብዛኛው ከተማሪዎቿ የዘር ስብጥር ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳዩ፤ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች በትምህርት ላይ ያላቸው ተስፋና ትጋት ከፍተኛ ነው። ከነዚህም መካከል ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ቤተሰቦች ይገኙበታል። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ መሻሻሉ ከ2003 በፊት በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መጀመሩን ጠቆመ። በ2002 ተቋቁሞ ጥሩ ውጤት ያላቸውን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ወደ ድሃ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ያስገባው «ቲች ፈርስት»ም ድርሻ አለው። እነዚህ ምክንያቶች እርስ በርስ አይጣረሱም። ተስፋ ያለው ቤተሰብ መኖሩ የመምህሩን ሥራ ያቀልለታል እንጂ አይተካውም፤ ሃክኒ ዳውንስ በወደቀበት ዘመንም ተስፋ የሚያደርጉ የስደተኛ ቤተሰቦች ነበሩና።

መርሐ ግብሩ በ2008 ወደ ታላቋ ማንቸስተርና ብላክ ካንትሪ ወደሚባለው አካባቢ ተስፋፋ። ለንደን ስምንት ዓመት ስታገኝ ለእነዚህ የደረሳቸው ሦስት ብቻ ነው፤ በ2011 በሁሉም ቦታ ተዘጋ።