አራት ኪሎ ኮምፒውተር ሳይንስ የገባ ተማሪ ምን ይማራል?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው እዚሁ አራት ኪሎ ነው፤ በ1943 ዓ.ም.፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተብሎ። የስድስት ኪሎው ቤተ መንግሥት የተሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስም ለዓመታት ሲሰጥ የኖረው በዚሁ በአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ነው። ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ሰው ሽቅብ ወደ አምስት ኪሎ፣ ወደ ቴክኖሎጂው ግቢ ይሄዳል። ብዙ ወላጅ ሁለቱን አንድ ያደርጋቸዋል። ኮዱ ይመሳሰላል፣ ኮምፒውተር ሳይንስ ግን ወደ ሒሳቡና ወደ ጽንሰ ሐሳቡ ያጋድላል።

የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ኮርስ ነው። ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ ጂኦግራፊ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ኮድ ለመጻፍ የቸኮለ ልጅ ይሰለቻል። ይታገሥ።

ከዚያ ፕሮግራሚንግ ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ ሲ ፕላስ ፕላስ (C++) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ። እኔ አስተማሪ ብሆን የምጀምረው በፊደላችን ነበር። «ሰላም» የሚለውን ቃል አስገብታችሁ ርዝመቱን ብትጠይቁት 3 ሳይሆን 9 ይላችኋል፤ ምክንያቱም ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በተለመደው ዘዴ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር ማኅደር መለኪያ) ይይዛል፣ ሲ ፕላስ ፕላስ ደግሞ የሚቆጥረው ፊደሉን ሳይሆን ባይቱን ነው። ፊደላችን ለዓለም ፊደላት ቁጥር በሚሰጠው መዝገብ፣ በዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን «ሀ» ቁጥሩ 4608 ነው፣ «ለ» 4616፣ «ሐ» 4624፤ በየ8ቱ ይሄዳል። ስለዚህ የ«ሞ»ን ቁጥር 4638ን ወስዳችሁ 4608 ቀንሱ፣ 30 ይቀራል፤ ለ8 አካፍሉት፣ 3 ደርሶ 6 ይተርፋል። ኮምፒውተር ከዜሮ ስለሚቆጥር 3 ማለት አራተኛው ረድፍ፣ «መ» ነው፤ 6 ደግሞ ሰባተኛው፣ ሳብዕ። ተማሪ ቀሪ ማውጣት ለምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ የት ያያል?

ሁለተኛውና ሦስተኛው ዓመት የዲግሪው ወገብ ነው። ዳታ ስትራክቸርና አልጎሪዝም፣ ጃቫ፣ ዳታቤዝ፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ኔትወርክ፣ የኮምፒውተር አደረጃጀት፣ የዌብ ፕሮግራሚንግ። ዳታቤዝ ላይ ክፍሉ ኤስኪውኤል የሚባለውን የዳታቤዝ መጠየቂያ ቋንቋ ይለማመዳል፣ ሠንጠረዥ መከፋፈል ይማራል፤ ግን አንዱ ጸሐፊ «ፀሐይ» ብሎ የመዘገባትን ሴት ሌላው «ጸሃይ» ብሎ ሲፈልጋት ሲስተሙ የለችም ይላል። ይሄ በየመሥሪያ ቤቱ ያለ ችግር ነው፣ መፍትሔውም ከባድ አይደለም። ሳይመዘገብም ሳይፈለግም በፊት ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ መመለስ ነው።

ተማሪ በጣም የሚያማርራቸው ኮርሶች ዲስክሪት ማት (የኮምፒውተር ሳይንስ መሠረት የሆነው ሒሳብ) እና አውቶማታ (በሐሳብ ላይ ያሉ ቀላል ማሽኖች ጥናት) ናቸው። «ሥራ ላይ ምን ያደርግልኛል?» ይባላል፣ ከዶርም እስከ ካፌ። ብዙዎች ለፈተናው ሌሊቱን ቸክለው ያልፉና ይረሱታል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ እነዚህን አጥብቃችሁ ያዙ እላለሁ። ፍሬምወርክ (ፕሮግራም የሚገነባበት የተዘጋጀ ማዕቀፍ) በየጊዜው ይቀያየራል፣ ከዩቲዩብም ይለቀማል፤ ከዲስክሪት ማት ግራፍና ኢንዳክሽን ያልገባው ሰው ግን አልጎሪዝም ላይ ይንገዳገዳል፣ አውቶማታን የዘለለውም ኮምፓይለር ዲዛይን (ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ፕሮግራም አሠራር) ሲመጣ አንዱ መስመር አይገባውም።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመውጫ ፈተና አለ። 50 በመቶ ያላመጣ ዲግሪውን አይቀበልም። ጥያቄው ከዓመታት በፊት ከተወሰዱ ኮርሶች ጭምር ስለሚመጣ ያኔ በጥድፊያ የታለፈው ሁሉ መልሶ ይመጣል። አራት ኪሎ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብታችሁ የሃንድአውቱን ክምር ብታዩ ይገባችኋል።

በአራተኛው ዓመት አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ሴኩሪቲ፣ የምርጫ ኮርሶችና በግሩፕ የሚሠራ የመመረቂያ ፕሮጀክት አሉ። ፕሮጀክቱ ላይ ከኮዱ ይልቅ ዶክመንቱ ጊዜ ይበላል።

ማስተርስ ላይ ነገሩ ይጣፍጣል። የአማርኛ ጽሑፍን ከፎቶ ማንበብ፣ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየር፣ ግንደ ቃል ማውጣት፣ ትርጉም፤ በእነዚህ ላይ ዓመታት የቆጠሩ የማሟያ ጥናቶች ተሠርተዋል። ለእንግሊዝኛ እንደሚደረገው የቃሉን ጫፍ ቆርጦ መጣል ለአማርኛ አይበቃም፤ ግሳችን ከፊትም ከኋላም ይቀጥላል፣ መሀሉም ይለዋወጣል። ከዚያ ላይ ደግሞ የተዘጋጀ ዳታ እንደ ልብ ስለማይገኝ ተማሪው ጽሑፉን ራሱ ሰብስቦ፣ ራሱ አርሞ ነው ወደ ሞዴሉ የሚገባው።