ሕማማተ ክርስቶስ በያሬዳዊ ዜማ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስ መከራና የሰው ልጅ መዳን የሚነገረው በግጥሙ ቃል ብቻ አይደለም። ከቃሉ በላይ የሚጻፉት የዜማ ምልክቶች፣ ከበሮውና ካህናቱ የሚይዙት ዘንግ መቋሚያው ሳይቀሩ ሕማማቱን እንዲያስታውሱ ተደርገው ይተረጎማሉ።

የዜማው ባለቤት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገብረ መስቀል ዘመን በአክሱም ኖሯል። ሦስቱን የዜማ ስልቶች፣ ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ያስተማረን እርሱ ነው። ከእርሱ በኋላ ስላለፉት ብዙ መቶ ዓመታት የምናውቀው ጥቂት ነው። ምልክቶቹን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን (1540–1559) የሠሩት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውን ሊቃውንቱ ይተርካሉ። ከግራኝ ጦርነት የተረፈው የያሬድ የዜማ መጽሐፍ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም እንደተገኘም ይነገራል፤ የድጓ ተማሪ ትምህርቱን ፈጽሞ የሚመሰከርለት ቦታ (ማስመስከሪያው) እስከ ዛሬ ቤተልሔም መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም።

የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ስምንት ናቸው፤ ድርስና አንብር ኋላ ተጨምረው አሥር ሆነዋል። ይዘት የጌታን መያዝ፣ ሒደት ከጲላጦስ ወደ ሄሮድስ መጎተቱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ርክርክ የደሙን መንጠብጠብ፣ ቁርጥ ስለ እኛ ለመሞት የቆረጠውን ሐሳብ ያመለክታል። ድፋት ላይ መምህራን ይለያያሉ፤ አንዳንዶች የእሾህ አክሊል መድፋቱን ነው ሲሉ፣ ሌሎች ከሰማይ መውረዱን ነው ይላሉ። ቅናትና ደረትም እንደየጉባኤ ቤቱ የተለያየ ትርጓሜ አላቸው። ምልክቶቹ በቅድሚያ የድምፅ ሥራ እንዳላቸው መዘንጋት አይገባም፦ ይዘት ያዝ ያደርጋል፣ ድፋት ድምፅን ወደ ታች ይደፋል፣ ቁርጥ ይቆርጣል። ተማሪው ትርጓሜውን የሚሰማው ጣቱን በምልክቱ ላይ አድርጎ ዜማውን ለዓመታት ከቀጸለ (ደጋግሞ ካጠና) በኋላ ነው።

ከበሮውም እንዲሁ ነው። ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ የትስብእት (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ነው። የሚለብሰው ጨርቅ ያለበሱትን ከለሜዳ (ቀይ ልብስ)፣ ዙሪያውን የተጠላለፈው ጠፍር የግርፋቱን ሰንበር፣ ማንገቻው የታሰረበትን ገመድ ያስታውሳል። በዝማሜ (ከዜማው ጋር በሚደረገው እንቅስቃሴ) ጊዜ መቋሚያ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ጌታን ወዲያና ወዲህ ማንገላታታቸው ነው። የሚገርመው፣ ይህን ሁሉ የሚናገረው ከበሮ በዐቢይ ጾም ዝም ይላል፤ የጾሙ የዜማ መጽሐፍ ጾመ ድጓ የሚዜመው በመቋሚያ ብቻ ነው።

በሰሙነ ሕማማት መስቀል መሳለምና ፍትሐት (ለሙታን የሚደረግ ጸሎት) የለም፤ ከጸሎተ ሐሙስ በቀር ቅዳሴም አይቀደስም። በዚህ ሳምንት የሚነበበው ግብረ ሕማማት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአቡነ ሰላማ መተርጉም ዘመን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ እንደተመለሰ ይታመናል። በስግደቱ መካከል የሚደጋገመው «ኪርያላይሶን» ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙ «አቤቱ ማረን» ማለት ነው። በስቅለት ዕለት የሚዜመው «አምንስቲቲ» የሚለውም ግሪክኛ ነው፤ በቀኙ የተሰቀለው ወንበዴ «በመንግሥትህ አስበኝ» ያለበት ቃል ነው። እንደ እኔ ከሆነ የዕለቱ ሁሉ ልብ እዚህ ላይ ነው፤ ሕዝቡ ራሱን በወንበዴው ቦታ አቁሞ ይለምናል።

ቅዳሜ ማለዳ ዜማው ይለወጣል። ካህናቱ «ገብረ ሰላም በመስቀሉ» (በመስቀሉ ሰላምን አደረገ) እያሉ ቀጤማ ያድላሉ፤ ቃጭል እያቃጨሉ በየቤቱም ይዞራሉ። ምእመናንም ቀጤማውን በራሳቸው ላይ አስረው የትንሣኤን ሌሊት ይጠብቃሉ።