የሰብሳቢዎች ገንዘብ እና የአውሮፕላን እሽቅድምድም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2023 የሬኖ የአውሮፕላን እሽቅድምድም ለመጨረሻ ጊዜ ተካሄደ። በአሜሪካዋ ኔቫዳ ግዛት በረሃ ላይ በ1964 ተጀምሮ ስድሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ውድድር ነበር። የአየር ማረፊያው ባለሥልጣን የአካባቢውን ማደግና የኢንሹራንሱን መናር ምክንያት አድርጎ ሜዳውን ለውድድሩ ሲዘጋ፣ አዘጋጆቹ አዲስ ቦታ ፍለጋ ወጡ፤ በመጨረሻም በኒው ሜክሲኮ ግዛት የምትገኘውን ሮዝዌልን መረጡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ውድድሩ ሜዳ አልባ በሆነባቸው ወራት አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ መንግሥት 51 ሺህ ዶላር ገደማ ይፈጅ የነበረው የሙስታንግ ተዋጊ አውሮፕላን ዛሬ በሚሊዮኖች ዶላር ይሸጣል። ይህን እየገዙ የሚያስቀምጡ፣ ሰብሳቢ የሚባሉ ነዳጅ አውጪዎች፣ የመሬት አልሚዎችና የፋብሪካ ባለቤቶች አሉ። ታዲያ የእነዚህ ሰዎች ገንዘብ ወደ እሽቅድምድሙ የማይመጣው ለምንድን ነው? ለዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልሶች የተሳሳቱ ናቸው። ስሕተታቸው ደግሞ ስፖርቱን ስለሚጎዳ ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም።

«የባለጸጋ ገንዘብ ለዚህ ስፖርት አዲስ ሐሳብ ነው»

አዲስ አይደለም። ስፖርቱን የወለደው የባለጸጎች ገንዘብ ነው። በ1909 በፈረንሳይዋ ሬምስ ከተማ ግሌን ከርቲስ ያሸነፈበትን ዋንጫ የሰጠው የጋዜጣ ባለቤቱ ጎርደን ቤኔት ነበር። በባሕር ላይ አውሮፕላኖች መካከል ይካሄድ የነበረውን ታላቅ ውድድር የመሠረተውም ባለጸጋው ፈረንሳዊ ዣክ ሽናይደር ነው።

ከሁሉም በላይ ግን የሌዲ ሉሲ ሂውስተን ታሪክ ሊታወቅ ይገባል። የሽናይደርን ዋንጫ በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ያሸነፈ አገር ለዘለዓለም ያስቀረዋል የሚል ደንብ ነበር። እንግሊዝ በ1927 እና በ1929 አሸንፋ ሦስተኛው ሲቀራት የኢኮኖሚ ቀውስ መጣና መንግሥት ገንዘብ አልሰጥም አለ። ሌዲ ሂውስተን የወቅቱን መንግሥት አጥብቃ የምትጠላ ባለጸጋ ነበረች፤ 100 ሺህ ፓውንድ አውጥታ ሰጠች። በሴፕቴምበር 1931 ሱፐርማሪን ኤስ 6 ቢ የተባለው አውሮፕላን በሰዓት 547 ኪሎ ሜትር በርሮ ዋንጫውን አስቀረ፤ በዚያው ወር ደግሞ ያው ዓይነት አውሮፕላን ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ በመብረር የዓለም ክብረ ወሰን ያዘ። የአውሮፕላኑ ንድፍ አውጪ ሬጂናልድ ሚቸል ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስፒትፋየር የተባለውን ተዋጊ አውሮፕላን ሠራ። ሞተር ሠሪው ሮልስ ሮይስም ከውድድሩ ሞተር ያገኘውን ዕውቀት ኋላ ሙስታንግንም ባንቀሳቀሰው በመርሊን ሞተር ላይ አዋለው።

ሌዲ ሂውስተን ያንን ሁሉ ገንዘብ ስታወጣ ትርፍም ሆነ ሽልማት አልጠበቀችም። ገንዘቡን ያስወጣት ለአገሯ የነበራት ፍቅርና በመንግሥት ላይ የነበራት ቁጣ ነው። ዛሬ ገንዘብ የሚፈልጉ ሰዎች ለባለጸጋው የሒሳብ ሠንጠረዥ ብቻ ይዘው ሲቀርቡ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱበት ምክንያት እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

«ሽልማቱ ከፍ ቢል ሀብታሞቹ ይጎርፋሉ»

ይህን የሚል ሰው የአንድ ተወዳዳሪ ቡድን ሥራ ምን እንደሚመስል አላየም። ሙስታንግ ከፋብሪካ ሲወጣ የሞተሩ ኃይል 1,500 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነበር። ለትልቁ ውድድር የተዘጋጀ መርሊን ሞተር ግን ከ3,000 በላይ እንዲያወጣ ይገደዳል። በዚህ ኃይል የሚሠራ ሞተር ዕድሜው በዓመት ሳይሆን በሰዓት ይቆጠራል። አውሮፕላኑ ባረፈ ቁጥር መካኒኮቹ የዘይት ማጣሪያውን አውጥተው በመብራት ይመረምሩታል፤ የሚፈልጉት የብረት ብናኝ ነው። ብናኝ ከተገኘ አንድ የሞተሩ ክፍል መበላት ጀምሯል ማለት ነው፤ የዚያ ሌሊት እንቅልፍ ቀረ። ሌሎቹ ደግሞ ክንፉን በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ፣ ስንጥቁን እየደፈኑ፣ እየወለወሉ ያድራሉ። አንዱ ሞተር ከተበላሸ ሌላ ለመተካት የሚወጣው ወጪ የሽልማቱን ገንዘብ ጠራርጎ ይወስዳል።

ስለዚህ ሽልማቱን በእጥፍ ማሳደግ ለደከሙት መካኒኮች ጥሩ ነገር ነው፤ ይገባቸዋልም። የሚሊዮን ዶላር አውሮፕላን ያለውን ሰው ከቤቱ የሚያስነሣው ግን እሱ አይደለም።

«ባለቤቱ ራሱ ካላበረረ ለውድድሩ ፍላጎት አይኖረውም»

የፈረስ እሽቅድምድምን እንመልከት። ፈረሱን የሚገዛው፣ የሚቀልበውና ዋንጫውን የሚቀበለው ባለቤቱ ነው፤ የሚጋልበው ግን ሌላ ሰው ነው። ባለቤቱ ኮርቻ ላይ ባይወጣም ድሉ የእሱ ነው። የአውሮፕላኑም ነገር እንደዚያው ነው። በ2017 አይዳሆ ውስጥ በሦስት ኪሎ ሜትር መስመር ላይ በሰዓት 855 ኪሎ ሜትር የበረረውን ቩዱ የተባለ ሙስታንግ ያበረረው ወጣቱ ስቲቭ ሂንተን ነው፤ አውሮፕላኑ ግን የሌላ ሰው ንብረት ነበር።

ሬር ቤር የተባለው የቤርካት ተዋጊ አውሮፕላን ታሪክ ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። ላይል ሼልተን የተባለ አብራሪ በኢንዲያና ግዛት ተጥሎ የነበረ የአውሮፕላን ስብርባሪ አገኘ። ሀብታም አልነበረም። ከወዳጆቹና ከበጎ ፈቃደኞች ጋር ሆኖ ስብርባሪውን መልሶ ገጣጠመ፤ ከአንድ ትልቅ የማመላለሻ አውሮፕላን የተገኘ ፕሮፔለርና ከመጀመሪያው የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ገጠመለት። በ1989 በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር በርሮ ቀጥ ባለ መስመር የፒስተን ሞተር አውሮፕላኖችን ክብረ ወሰን ያዘ፤ ቩዱ በ2017 ያለፈው ይህንኑ ፍጥነት ነው። ቡድኑ ግን ከገንዘብ ችግር ተላቆ አያውቅም ነበር። በ2000ዎቹ አጋማሽ የቴክሳሱ ነዳጅ አውጪ ሮድ ሉዊስ አውሮፕላኑን ገዝቶ ወደ ስብስቡ አስገባው። መጀመሪያ ስም ተሠራ፤ ገንዘቡ የመጣው ስሙ ከተሠራ በኋላ ነው። ባለጸጋውን አስቀድሞ አግኝቶ ስሙን ኋላ ለመሥራት የሚደረገው ሙከራ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

«እሽቅድምድም የአውሮፕላኑን ታሪካዊ ዋጋ ያጠፋል»

ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ለማረም ያስቸግራል። ለትልቁ ውድድር የሚዘጋጅ ሙስታንግ የክንፉ ጫፍ ይቆረጣል፣ የአብራሪው መስኮት ይጠባል፣ የጥንቱ ዕቃ ይወጣል። ታሪኩን የሚወድ ሰብሳቢ ይህን ሲያይ ቢያመው አይፈረድበትም።

ቦብ ፖንድን ያመመው ይኸው ነው። ፖንድ በጦርነቱ ጊዜ የባሕር ኃይል አብራሪ የነበረ፣ በኋላም የወለል ማጽጃ ማሽን በማምረት የበለጸገ ሰብሳቢ ነበር። በየዓመቱ በውድድር የሚጠፉት ታሪካዊ አውሮፕላኖችና ሞተሮች አሳዘኑትና መፍትሔ ብሎ ያሰበውን አደረገ፦ ለታዋቂው ንድፍ አውጪ ለበርት ሩታን ገንዘብ ሰጥቶ፣ ከጦር አውሮፕላን ምንም ያልተወሰደለት አዲስ ተወዳዳሪ እንዲሠራለት አዘዘ። ፖንድ ሬሰር በ1991 በረረ። ሁለት የኒሳን መኪና ሞተሮች ነበሩት፤ መልኩም ከዚያ በፊት በሬኖ ሰማይ ላይ የታየ ማንንም አይመስልም ነበር። ሞተሮቹ ግን አላረኩም፤ የታሰበው ፍጥነትም አልመጣም። በ1993 አውሮፕላኑ ሬኖ ላይ ተከስክሶ አብራሪው ሪክ ብሪከርት ሞተ። ሙከራው በሐዘን ቢያበቃም የፖንድ ጭንቀት ትክክል ነበር። አንድ ሰብሳቢ ቅርሱን ለማዳን ሲል ሙሉ አውሮፕላን ከባዶ ማሠራቱ ስፖርቱ ሊረሳው የማይገባ ነገር ነው።

ሁለተኛው ግማሽ ግን የውድድር ታሪክ ራሱ ቅርስ መሆኑ ነው። ተንደርበርድ የተባለው ሙስታንግ በ1949 ለአገር አቋራጭ ውድድር የሚሰጠውን የቤንዲክስን ዋንጫ አሸነፈ፤ ከባለቤቶቹ አንዱ የፊልም ተዋናዩ ጂሚ ስቱዋርት ነበር። በቅርብ ዓመታት ከዓመታት ልፋት በኋላ እንደገና ለበረራ ሲበቃ በጦርነት ቀለም አልተቀባም፤ የውድድር ሰማያዊ ቀለሙ ተመለሰለት። በ1934 ከለንደን ሜልበርን የተደረገውን ውድድር በ71 ሰዓት ያሸነፈው ኮሜት የተባለ አውሮፕላን የተሰየመው ባለቤቱ ያስተዳድረው በነበረው የለንደን ሆቴል በግሮቭነር ሐውስ ነው። ያ አውሮፕላን ዛሬ እንግሊዝ ውስጥ በሻትልወርዝ ስብስብ ይገኛል። የከበረው በመወዳደሩ ነው።

እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች ከየት እንደሚገኙ ለማወቅ የሚፈልግ አንባቢ ይኖራል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት አሜሪካውያን ሰብሳቢዎች ከኢራቅ ከሃያ በላይ ፊዩሪ የተባሉ የጦር አውሮፕላኖችን ገዝተው ወደ ፍሎሪዳ አጓጓዙ፤ ከእነርሱ መካከል ኋላ ሬኖ ላይ የተወዳደሩ አሉ። ፍለጋው እኛም ዘንድ ደርሷል። ኢትዮጵያ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ከካናዳ ከገዛቻቸው ፋየርፍላይ የጦር አውሮፕላኖች ሁለቱ በ1990ዎቹ ተመልሰው ካናዳ ገብተዋል፤ ዛሬ የሙዚየም ሀብት ናቸው።

«ትልቅ ስፖንሰር ከመጣ ሰብሳቢው ይከተላል»

የሬድ ቡል የአየር ውድድር ከ2003 ጀምሮ፣ መሐል ላይ ተቋርጦ እንደገና በመቀጠል፣ እስከ 2019 ድረስ በብዙ አገሮች ከተሞች ተካሂዷል። ቴሌቪዥንም ሕዝብም ነበረው። ኩባንያው የሚፈልገውን ያህል ፍላጎት አላገኘሁም ብሎ ሲያቆም ውድድሩ አብሮት ቆመ። የስፖንሰር ገንዘብ የተመልካችን ዓይን ይገዛል፤ ዓይኑ ሲዞር ይሄዳል። ሰብሳቢ ግን የሚወደውን ነገር ለሠላሳ ዓመት ይይዛል። ሁለቱን በአንድ ልመና ማግኘት አይቻልም።

«ባለጸጎቹን ያራቃቸው የ2011ዱ አደጋ ነው»

በሴፕቴምበር 16 ቀን 2011 ጋሎፒንግ ጎስት የተባለው ሙስታንግ በተመልካቾች አጠገብ ተከሰከሰ። የ74 ዓመቱ አብራሪና ባለቤት ጂሚ ሊዋርድ እና አሥር ተመልካቾች ሞቱ፤ ከስድሳ በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ሊዋርድ ራሱ የፍሎሪዳ መሬት አልሚ ነበር። ከእሱ በፊት በ1999 የቤት ዕቃ ንግድ ሀብት ወራሹ ጋሪ ሌቪትዝ እዚያው ሬኖ ላይ ሕይወቱ አልፏል። ባለጸጎች አደጋውን ሳያውቁ የገቡበት ጊዜ የለም፤ የሞት ፍርሃት ብቻውን አላስቀራቸውም።

የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መርማሪዎች ያገኙት ነገር ግን ማንኛውንም ጠንቃቃ ባለንብረት ያስቆማል። በአውሮፕላኑ ጅራት ላይ ያለችውን ትንሽ የማስተካከያ ክንፍ የያዙት ዳዶዎች አርጅተው መያዝ አቅቷቸው ነበር። ብሎኖቹ ላሉ፤ ክንፏ ተንቀጠቀጠች፤ አውሮፕላኑ ከቁጥጥር ወጣ። በአውሮፕላኑ ላይ የተደረጉት ብዙ ለውጦች በሰነድ አልተመዘገቡም፤ በውድድር ፍጥነትም አስቀድመው አልተፈተኑም ነበር።

ለባለጸጋውና ለጠበቃው ትልቁ ጥያቄ እዚህ ላይ ነው፦ አጠገቤ በ15 ሜትር ከፍታ የሚበርረውን የሌላውን ሰው አውሮፕላን ማን መረመረው? የአውሮፕላን ንብረት ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ ውድድርን አይሸፍንም። ባለቤቱ ሙሉ ኪሳራውን ራሱ የሚሸከም ከሆነ ቢያንስ የጎረቤቱ ዳዶ አዲስ መሆኑን የማወቅ መብት አለው። መዝገቡ ክፍት፣ ምርመራው ገለልተኛ ካልሆነ ማንም ሰው በሚሊዮን የሚቆጠር ንብረቱን እና ስሙን አምጥቶ እንዲያሰልፍ መጠየቅ ፍትሐዊ አይደለም።

«ሚሊየነር ያልሆነ ሰው ቦታ የለውም»

አለው። ፎርሙላ ዋን በሚባለው ክፍል የሚወዳደሩት ትንንሽ አውሮፕላኖች ሞተራቸው በሴስና 150 የማሠልጠኛ አውሮፕላን ላይ የሚገኘው ባለ 100 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነው፤ ያም ሆኖ በሰዓት 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበርራሉ። ብዙዎቹ በባለቤቶቻቸው እጅ የተሠሩ ናቸው።

«ሰብሳቢውን ለመሳብ ውድድሩ ይበልጥ መፍጠን አለበት»

በመኪናው ዓለም የሆነው ተቃራኒው ነው። ከ1998 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በጉድውድ በሚካሄደው የጥንት መኪኖች እሽቅድምድም ባለቤቶች ዋጋቸው የማይቀመስ መኪኖችን አውጥተው ያሽቀዳድማሉ። መኪኖቹ በዘመናቸው መልክ ነው የሚቀርቡት፤ የባለቤቱ ክብርም ከዚያ ይመነጫል። ሬኖም ላይ ብዙም ያልተነኩ ሙስታንጎች በዝቅተኛው የብሮንዝ ምድብ ይወዳደሩ ነበር፤ ግን የትልቁ ምድብ ማሟያ ሆነው እንጂ በራሳቸው ስም አይደለም።

ለእነዚህ ራሱን የቻለ ክፍል ይገባቸዋል። የሞተሩ ኃይል ፋብሪካው ከወሰነው እንዳያልፍ የሚቆጣጠር የታሸገ መለኪያ ይኑር፤ ክንፍ መቁረጥ ይከልከል፤ በአውሮፕላኖቹ መካከል ያለው ርቀት ይስፋ፤ አብራሪዎቹም ከውድድሩ በኋላ ለማረፍ የሚመለሱበት ሥርዓት ይጥበቅ። በ2023 ቲ 6 የተባለው የጥንት ማሠልጠኛ አውሮፕላን ሁለት አብራሪዎች የሞቱት ውድድሩ ካለቀ በኋላ ለማረፍ ሲመለሱ ተጋጭተው ነውና ይህ የመጨረሻው ደንብ ከሁሉም በፊት መጻፍ አለበት።