ከፊል ኢንዴክስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኢንዴክስ ዳታቤዝ የሚፈልገውን ቶሎ የሚያገኝበት ማውጫ ነው፤ ከፊል ኢንዴክስ ደግሞ አንድ ሁኔታ የሚያሟሉ መዝገቦችን ብቻ ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ በግ፣ ገብስና ብርድ ልብስ የሚነግድ ሰው አስቡ። ሁሉንም አንድ ቴብል (የዳታቤዝ ሠንጠረዥ) ላይ መዝግቧል። በጉ የጆሮ ቁጥር አለው፣ ገብሱ ኩንታል፣ ብርድ ልብሱ ቀለም። ለአንዱ የሚያስፈልገው ኮለም (ዓምድ) ለሌላው ባዶ ነው።

«ዓይነቱ የተለያየ ዳታ አንድ ቴብል ላይ ከገባ ሲስተሙ ይንቀራፈፋል።»
ባዶው ኮለም አይደለም ችግሩ። ፖስትግሬስ የተባለው ዳታቤዝ ባዶነትን የሚመዘግበው በአንዲት ቢት ነው። የጆሮ ቁጥር ላይ ተራ ኢንዴክስ ከሠራችሁ ግን ገብሱም ብርድ ልብሱም እዚያው ይገባል። «ቁጥሩ ባዶ ያልሆነ» የሚል ሁኔታ ስትጨምሩበት በጎቹ ብቻ ይቀራሉ። ኢንዴክሱ ያንሳል፤ ገብስ ሲመዘገብም አይነካም።

«ኢንዴክሱ ካለ ዳታቤዙ ራሱ ይጠቀምበታል።»
ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ጋ ነው። የኩዌሪው (ለዳታቤዙ የምትልኩት ጥያቄ) ሁኔታ የኢንዴክሱን ሁኔታ የግድ ማሟላት አለበት። ኢንዴክሱ «ዓይነቱ በግ የሆነ» ቢል፣ እናንተ ደግሞ የጆሮ ቁጥር 417ን ብቻ ብትፈልጉ፣ ኢንዴክሱ ይታለፋል። የጆሮ ቁጥር ያለው በግ ብቻ መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ ፕላነሩ (ፍለጋው በምን መንገድ እንደሚካሄድ የሚወስነው የዳታቤዙ ክፍል) ከየት ይወቀው? ሁኔታው «ቁጥሩ ባዶ ያልሆነ» ከሆነ ግን ይሠራል። ከ417 ጋር እኩል የሆነ ነገር ባዶ ሊሆን እንደማይችል ፖስትግሬስ ይረዳል። ለእንዲህ ያለ ቴብል እኔ ሁሌም ይሄኛውን እመርጣለሁ። ኮዳችሁ ዓይነቱን በፓራሜትር (ኩዌሪው ውስጥ በኋላ በሚሞላ ክፍት ቦታ) የሚልክ ከሆነም ተጠንቀቁ፤ ፕላኑ የተላከው ዓይነት ሳይታወቅ ከወጣ ኢንዴክሱ አይመረጥም። በኤክስፕሌን (የተመረጠውን ፕላን በሚያሳየው ትእዛዝ) አረጋግጡ።

«ዩኒክ (የማይደገም) ከተባለ ለመላው ቴብል ነው።»
አይደለም። ዩኒክ ኢንዴክሱ ላይ «ያልተሸጠ» የሚል ሁኔታ አድርጉ። በረት ውስጥ ያሉ ሁለት በጎች አንድ ቁጥር አይጋሩም። የተሸጠው በግ ቁጥር ግን መዝገቡ ሳይሰረዝ ለአዲስ ግልገል ይሰጣል። ይህን በአፕሊኬሽን ኮድ ለመጠበቅ መልፋት ከንቱ ድካም ነው።

«ያለፉትን 30 ቀናት ብቻ ኢንዴክስ አደርጋለሁ።»
አይቻልም። «አሁን» የሚለው በየደቂቃው ስለሚለወጥ ፖስትግሬስ ሁኔታው ውስጥ አይቀበለውም። ቁርጥ ያለ ቀን መጻፍ ግን ይቻላል።

«ለእያንዳንዱ ዓይነት የዋጋ ኢንዴክስ ለብቻው ይሠራለት።»
ዓይነቱ መቶ ከሆነ ፕላነሩ መቶውንም ሲፈትሽ ይውላል። ዓይነትንና ዋጋን አጣምሮ የያዘ አንድ ተራ ኢንዴክስ ይበልጣል።

«ከፊል ኢንዴክስ ሁሉም ዳታቤዝ ላይ አለ።»
ኤስኪውኤል ሰርቨር ከ2008 እ.ኤ.አ.፣ ኤስኪውላይት ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አላቸው። ማይኤስኪውኤል የለውም።