ቆማ የምትውል ስፖርት መኪና ባትሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጅማ ውስጥ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ያለውም ለእሁድ ነው የሚያወጣት። ከፈረንጅ አራዳ አጂፕ ድረስ አንድ ሁለቴ ዞር ዞር ትልና ሸራዋን ትለብሳለች፤ ክረምት ከገባ ደግሞ እስከ መስከረም አትታይም። ባትሪው የሞተ ቀን ታዲያ ሰፈሩ በሙሉ መካኒክ ይሆናል። ከሚባለው ውስጥ መታረም ያለበትን ላንሳ።

«ካልተነዳች ባትሪው አያልቅም»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። መኪናዋ ጠፍታም አላርሙ፣ ሰዓቱ፣ የሪሞቱ መቀበያና ኮምፒውተሩ ትንሽ ትንሽ ይስባሉ። 50 ሚሊአምፔር ብቻ ይሳብ እንበል። በቀን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ25 ቀን ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ክረምቱን ሙሉ ስትቆም አስቡት! ባትሪው ባዶውን ሲከርም ደግሞ ውስጡ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል፣ እሱ አንዴ ከጠነከረ በቻርጅ አይለቅም።

ስለዚህ ወይ የባትሪውን ኔጌቲቭ (−) ገመድ ንቀሉ፣ ወይ ባትሪው ሲሞላ ራሱ የሚቀንስ ቻርጀር ሰክታችሁ ተዉት። እኛ ጋ መብራት እንደሚሄድም አትርሱ። መብራት ሲመለስ ቁልፉ ካልተነካ ሥራውን የማይቀጥል ቻርጀር አለ፣ ስትገዙ ከሶኬቱ ነቅላችሁ መልሳችሁ በመሰካት ሞክሩት። ባትሪው ኤጂኤም ከሆነ (አሲዱ በመስታወት ክር ምንጣፍ ውስጥ የተመጠጠበት ዝግ ባትሪ ነው፤ ብዙ ስፖርት መኪኖች ይሄንን ነው የሚጠቀሙት) ቻርጀሩም ለኤጂኤም የሚሆን ይሁን።

«ጠዋት አምስት ደቂቃ ማስነሳት ይበቃል»

አይበቃም። ሚኒሞ ላይ፣ ማለትም ቆማ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራ፣ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ የሚሰጠው ትንሽ ነው፤ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የወሰደውን እንኳ በደንብ አይተካም። ሞተሩ ሳይሞቅ ሲጠፋ ጭስ ማውጫው ውስጥም ውሃ ይቀራል። ከተነሳች አይቀር የሰቃን መንገድ ይዛችሁ ግማሽ ሰዓት ንዷት።

«መብራቷ ቦግ ካለ ባትሪው ደህና ነው»

መብራት የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ነው፣ ሞተሪኖ ግን በመቶዎች ይጠይቃል። ቮልት የሚለካ ቴስተር ግዙ፣ ውድ አይደለም። መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ ጠዋት ምንም ሳታበሩ ለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው። 12.4 ቻርጅ ይፈልጋል። 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፣ 12 ላይ ከሆነ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። የኤጂኤም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሲሞላ 12.8 አካባቢ ያሳያል። ከዚያ ሌላ ሰው ቁልፉን ያዙር፣ እናንተ ቁጥሩን እዩ። ሙሉ የነበረ ባትሪ ሲያስነሳ ከ9.6 በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ ቁጥሩ ከ13.7 እስከ 14.7 ካልደረሰ ግን በአብዛኛው ችግሩ ከዲናሞው ወገን ነው፤ አዲስ ባትሪ ለመግዛት አትሩጡ።

«ከጎደለ አሲድ ጨምርበት»

ኧረ በፍጹም! የሚተነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። አሲድ ሲጨመርበት ከመጠን በላይ ይበረታና ፕሌቶቹን ይበላል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ ከሱቅ የባትሪ ውሃ ገዝታችሁ ጨምሩ። የቧንቧ ውሃ ማዕድን አለበት፣ አይሆንም። ኤጂኤም ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም።

«ነጩ ዱቄት ምንም አያደርግም»

ክረምት ሲወጣ ኮፈኑን ክፈቱና ተርሚናሎቹን፣ ገመዶቹ የሚታሰሩባቸውን የባትሪ ጫፎች፣ እዩ። ነጭ፣ አንዳንዴም አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ጋግሮ ታገኛላችሁ። እሱ ነው ኃይል እንዳያልፍ የሚያግደው፤ ስንቱ ደህና ባትሪ በሱ ምክንያት ተጥሏል። መጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ንቀሉ። ቤኪንግ ሶዳ በሞቀ ውሃ በጥብጡና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈትጉት፤ ቺስ እያለ አረፋ ይሠራል። ጓንት አድርጉ፣ ዓይናችሁንም ጠብቁ። አጥባችሁ አድርቁና ስትገጥሙ ከፖዘቲቩ ጀምሩ። በመጨረሻ ላዩ ላይ ስስ ቫዝሊን ቀቡት።

«ሞተሩ እየሠራ ኔጌቲቩን ንቀል፤ ካልጠፋች ዲናሞው ጤነኛ ነው»

ኮምፒውተር በሌላቸው አሮጌ መኪኖች የተለመደ ዘዴ ነበር። ዛሬ ግን ባትሪው በድንገት ሲነቀል ቮልቱ ይዘልና ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። የስፖርት መኪና ኮምፒውተር ደግሞ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዳችሁም በቀላሉ አታገኙትም።

«ካልነሳች ገፍተን እናስነሳታለን»

ማንዋል ከሆነች እሺ። አውቶማቲክ ወይም ባለ ሁለት ፍሪሲዮን ከሆነች ግን ጎረምሶቹን አታልፏቸው፣ በግፊ አትነሳም። ከሌላ መኪና ባትሪ በባትሪ ገመድ አስነሱ። ባትሪው ኋላ የተቀመጠባቸው መኪኖች ብዙ ጊዜ ከፊት ለዚሁ የተዘጋጀ ነጥብ አላቸው፣ መመሪያው ላይ ፈልጉት። መጀመሪያ ፖዘቲቭን ከፖዘቲቭ አገናኙ። የመጨረሻውን የኔጌቲቭ ጫፍ የማትነሳዋ መኪና ላይ ከባትሪው ራቅ ያለ፣ ቀለም የሌለው ብረት ላይ እሰሩት። ባትሪው የሚያወጣው ሃይድሮጅን በአንዲት ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላል።