የኤሌክትሪክ መስመሮች የመብረቅ ጥበቃ በኢትዮጵያ

የኢትዮጵያ ማስተላለፊያ መስመሮች ተራራ ለተራራ ስለሚሄዱ፣ በተለይ በክረምት ለመብረቅ የተጋለጡ ናቸው። ከኮካ የውሃ ኃይል ማመንጫ በፊት የነበሩት መስመሮች አጫጭር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1960 ኮካ ሥራ ሲጀምር ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው 132 ኪሎ ቮልት መስመር ግን አዲስ ምዕራፍ ከፈተ። ዛሬ አንጋፋው መብራት ኃይል ያፈራቸው ባለሙያዎች ከታላቁ ሕዳሴ ግድብ በደዴሳ በኩል ሆለታ የሚደርሰውን 500 ኪሎ ቮልት መስመር ይጠብቃሉ።

በማማው አናት ላይ የሚታየው ቀጭን ሽቦ ኃይል አይሸከምም። ሥራው መብረቁን ከኃይል ተሸካሚዎቹ ቀድሞ ተቀብሎ በማማው እግር ወደ መሬት ማውረድ ነው። በአዳዲሶቹ መስመሮች ኦፕቲካል ፋይበር በውስጡ ስለሚያልፍ ጣቢያዎች መረጃ ይለዋወጡበታል።

ሽቦው ብቻውን ግን አያድንም፤ ዋናው ጉዳይ ያለው ከመሬት በታች ነው። 30 ኪሎ አምፔር የሆነ መብረቅ፣ ይህም ብርቅ የማይባል መጠን ነው፣ የመሬት ሬዚስታንሱ (መሬቱ ለኤሌክትሪክ ፍሰት የሚያሳየው ተቃውሞ) 10 ኦም በሆነ ማማ ቢወርድ በግርድፍ ስሌት ማማው ወደ 300 ኪሎ ቮልት ይወጣል። አለታማ ቦታ ላይ 50 ኦም ቢሆን 1,500 ይደርሳል። የ132 ኪሎ ቮልት መሣሪያ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው 650 ኪሎ ቮልት ያህል የመብረቅ ግፊት እንዲችል ነውና፣ ያን ጊዜ ብልጭታው ሲኒዎቹን፣ ማለትም ሽቦውን ከማማው የሚለዩትን ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ መያዣዎች፣ አልፎ ከማማው ወደ መስመሩ ይዘላል። መፍትሔው ተጨማሪ ዘንግ መትከል ወይም ረጅም ሽቦ በመሬት ውስጥ መዘርጋት ነው። የማማ ብረትና የመሬት ሽቦ የሚሰርቁ ሰዎች ይህን ልፋት ከንቱ ያደርጉታል።

ኃይሉን ለተጠቃሚ በሚያከፋፍሉት የ15 እና የ33 ኪሎ ቮልት መስመሮች ነገሩ ይለያል። አጠገብ የወደቀ መብረቅ እንኳ ሽቦው ላይ እስከ 300 ኪሎ ቮልት ሊፈጥር ይችላል፤ የ15 ኪሎ ቮልት ትራንስፎርመር ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚችለው 95 ገደማ ነው። ስለዚህ ጥበቃው የተጣለው አሬስተር በሚባል የመብረቅ ግፊት መከላከያ መሣሪያ ላይ ነው። ውስጡ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ በተለመደው ቮልቴጅ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ግፊቱ ሲያይል ወደ መሬት መንገድ ከፍቶ መልሶ ይዘጋል። ትራንስፎርመር በተቃጠለ ቁጥር ነዋሪው መብረቅ መታው ይላል። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ከአቅም በላይ መጫንም ድርሻው ቀላል አይመስልም።

አሬስተሩ ከትራንስፎርመሩ ጋን አጠገብ፣ በአጭር ሽቦ መታሰር አለበት፤ ሽቦው በረዘመ ቁጥር ትራንስፎርመሩ ላይ የሚያርፈው ግፊት ይጨምራል። ብዙዎቹ አሬስተሮች ሲበላሹ የመሬት ሽቧቸውን ራሳቸው ይጥላሉ። የጥገና ሠራተኛው ምሰሶው ላይ ሳይወጣ፣ የተንጠለጠለውን ሽቦ ከታች አይቶ የሚቀየረውን ይለያል።