ስለ ጌም ሄድሴት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

“7.1 ካልሆነ የጠላትን ኮቴ አትሰማም።” 7.1 ማለት ድምፁ ዙሪያችንን ካሉ ሰባት ስፒከሮችና ከአንድ የባስ ስፒከር እንደሚመጣ የሚደረግበት “ሰራውንድ” ነው። ሻጩም ገዢውም ይህንኑ ይደጋግማል፤ ለዚህች ቁጥር ሲባልም ብዙ ገንዘብ ያለአግባብ ይወጣል።

7.1 ተብለው ከሚሸጡት አብዛኞቹ ውስጥ ያለው ስፒከር ሁለት ነው፤ አንድ በግራ፣ አንድ በቀኝ። የቀረውን የሚያስመስለው ሶፍትዌር ነው። ሁለቱ ስፒከሮች ግን ይበቃሉ። አእምሯችን አቅጣጫ የሚለየው ድምፁ አንዱ ጆሮ ላይ ቀድሞ በመድረሱ (ልዩነቱ ቢበዛ 0.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው)፣ በዚያው በኩል ጎልቶ በመሰማቱና የጆሮ ቅጠላችን ድምፁን ስለሚለውጠው ነው። ይህን ስሌት እንደ ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 ያሉ ጌሞች ራሳቸው ይሠሩታል። ቫሎራንት ሴቲንግ ውስጥ ኤችአርቲኤፍ የሚለው እሱ ነው።

ጌሙ ያሰላውን ድምፅ የሄድሴቱ ሶፍትዌር እንደገና ሲያሰላው ኮቴው ይደበዝዛል፣ ያስተጋባል፣ ከፊት ይሁን ከኋላ መለየት ያቅታል። ሰው ግን “ሄድሴቱ ርካሽ ስለሆነ ነው” ብሎ ሌላ 7.1 ይገዛል! መጀመሪያ በሄድሴቱ ሶፍትዌር 7.1ን አጥፉ። ቀጥሎ ዊንዶውስ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ ስፔሻል ሳውንድ (Spatial sound) የሚለውን አጥፉ። በመጨረሻ ጌሙ ውስጥ ስቴሪዮ ወይም ሄድፎን የሚለውን መርጣችሁ ኤችአርቲኤፍን አብሩ። ጌሙ የሄድፎን አማራጭ ከሌለውና 5.1 ወይም 7.1 ድምፅ የሚያወጣ ከሆነ ብቻ የሶፍትዌር ሰራውንድ ይጠቅማል፤ ያኔም አንዱን ብቻ ተጠቀሙ። ዊንዶውስ ሶኒክ የተባለው የሶፍትዌር ሰራውንድ በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ በነፃ ስላለ ለዚህ መክፈል አያስፈልግም።

“50 ሚሊሜትር ስፒከር ከ40 ይሻላል።” አይደለም። በደንብ የተሠራ 40 በግዴለሽነት የተሠራውን 50 ያስከነዳል።

“ብሉቱዝ ካለው ለሁሉም ይሆናል።” ፕሌይስቴሽን 5 የብሉቱዝ ሄድሴት በቀጥታ አይቀበልም፤ ኤክስቦክስም እንዲሁ። ኮምፒውተር ላይ ደግሞ በተለመደው ብሉቱዝ ማይኩ ሲከፈት ግንኙነቱ ወደ ስልክ ጥሪ ዓይነት ይቀየርና የጌሙ ድምፅ ታፍኖ በሞኖ ይመጣል። መዘግየቱም ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ተኩሱን ካያችሁት በኋላ ትሰሙታላችሁ። ያለገመድ ከፈለጋችሁ በዩኤስቢ የሚሰካ የ2.4 ጊጋኸርዝ መቀበያ ያለውን ግዙ። ለኤክስቦክስ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ኤክስቦክስ የሚል መኖሩን ተመልከቱ።

“ማይኩ አይሠራም፣ ተበላሽቷል።” ሄድሴቱን ለሻጩ ከመመለሳችሁ በፊት ጃኩን እዩት። ሦስት ጥቁር ቀለበት ካለው ድምፅም ማይክም የሚያልፈው በአንድ ጃክ ነው። የማይክና የሄድፎን ቀዳዳው ለየብቻ የሆነ ኮምፒውተር አረንጓዴው ላይ ሲሰካ ድምፅ ይሰማል፣ ማይኩ ግን ዝም ይላል። መፍትሔው አንዱን ጃክ ለሁለት የሚከፍል አጭር ገመድ ነው። ርካሽ ሄድሴቶች ላይ ከጃኩ ጎን ያለው ዩኤስቢ ደግሞ ብዙ ጊዜ መብራቱን ከማብራት ውጪ ሥራ የለውም፤ እሱን ብቻ ሰክታችሁ ድምፅ አትጠብቁ። ሱቅ ውስጥ ለመሞከር የጃክ ቀዳዳ ያለው ስልክ ላይ ሰክታችሁ ድምፃችሁን ቅዱ፤ ስትቀዱ ማይኩን በጣት መታ መታ አድርጉ። ምቱ ጎልቶ ከተቀዳ ማይኩ ደህና ነው፤ ከሩቅ የሚመጣ ከመሰለ ግን የቀዳው የስልኩ ማይክ ነው።